ሐሙስ የወረደችው ላሚሲ

«እማ፣ ይልቀቋት! ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯታል፣ ኧረ ይልቀቋት!» እያልኩ የሴትየዋን ክንድ ስጎትት ነው ማይኩ ክፍት መሆኑ ትዝ ያለኝ።

በቃ አለቀልኝ። ሴትየዋ የላሚሲን አንገት ጥምጥም አድርጋ ይዛ «ልጄ! ላሚሲዬ! ልጄ!» ትላለች፣ ያ ሁሉ ለቅሶ በእኔ ማይክ ገብቶ ምሰሶው ላይ ከተሰቀሉት ጡሩምባዎች እየወጣ የቴቺማንን ገበያ ከዳር እስከ ዳር ይንጠዋል። ቦዬ የሚያወርዱት ልጆች ቦዬውን ጥለው፣ ቲማቲም ሻጮቹ ቲማቲሙን ጥለው ወደ በረንዳዬ ይሮጣሉ።

«ማን ሞተ?» ይላል አንዱ።

«ኧረ ሰው ተገኝቶ ነው!»

«ሞቶ?»

«አንተ ደግሞ! ቆማ አታያትም?»

ማይኩን ዘጋሁት። ለቅሶው ግን ያለ ማይክም ከተማውን ይበቃዋል።

ላሚሲ ደግሞ እጆቿ በግራና በቀኝ ተንጠልጥለው ቀርተዋል። አላቀፈቻትም፣ አልገፋቻትም። በሴትየዋ ትከሻ ላይ አሻግራ የምታየው እኔን ነው። አፏን ሳትከፍት «ዝም በል» የሚል አስተያየት። እኔ ደግሞ ዝም ማለት የማልችል ሰው ነኝ፣ ስራዬም አይደለም። ፍየል ሲጠፋ የምናገረው እኔ፣ ሰው ሲሞት የምናገረው እኔ፣ የወገብ መድኃኒት ሻጭ ሲመጣ የምጮህለት እኔ። ገበያው «ኢሱፉ ጡሩምባው» ነው የሚለኝ። እና ጡሩምባን ዝም በል ይሉታል?

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ልንገራችሁ፣ አጭር ነው።

ያ ያው አለ አይደል? ስሙ ነው ያው። እዚህ አገር ሐሙስ የተወለደ ወንድ ያው ነው የሚባለው፣ ስለዚህ ያው እንደ አሸዋ ነው፤ የኛው ያው ግን ኮሌጅ ጨርሶ ስራ ያጣው፣ መነጽሩን በሽቦ ያሰረው ነው። እሱና ጓደኞቹ ናቸው አንድ ቀን መጥተው «ኢሱፉ፣ በረንዳህ ላይ ለሚያድሩት ልጆች ማይክ እንስጣቸው» ያሉኝ። እኔ ቤቴን ስዘጋ በሳፋ የሰው ዕቃ ተሸክመው የሚውሉት የሰሜን ልጆች ማደሪያ ስለሌላቸው በረንዳዬ ላይ ነው የሚተኙት። የከተማው ሰው ደግሞ ሌቦች ናቸው፣ ይባረሩ፣ ገበያውን አቆሸሹት እያለ ነበር። ያው ምን አለ መሰላችሁ? «ሰው ሁሉ ጠዋት ሲያገኛቸው እንዴት አደርሽ ይላቸዋል። የት አደርሽ ያላቸው ሰው ግን የለም።» እናም ፕሮግራሙን «የት አደርሽ?» አልነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ልጅ ይመጣል፣ ማይኩን ይይዛል፣ ያወራል። በቃ ይሄው ነው።

አትቀልዱ፣ ይሰራል። ዋቼ፣ ያንን የሩዝና የአደንጓሬ ቅቅል፣ የምትሸጠዋ ሴትዮ፣ ያቺ ልጆቹን በማማሰያ የምታባርረው፣ አንዱ ልጅ ዝናብ ሲመጣ ቆሞ እንደሚተኛ ካወራ በኋላ የዳሷን በር መዝጋት ተወች። «ረስቼው ነው» ትላለች ስትጠየቅ። ቀጥላ ደግሞ ዳሱ ውስጥ ምንጣፍ «ረሳች»።

እና ዛሬ ተራው የላሚሲ ነበር። መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። «እኔ ምን አለኝ የማወራው? ሳፋ ነው ያለኝ» አለች። ያው «ስለ ሳፋው አውሪ» አላት። ስለ ሳፋው አወራች። ቀን ዕቃ እንደምትሸከምበት፣ ዝናብ ሲመጣ ገልብጣ ጭንቅላቷ ላይ እንደምትደፋው፣ ጠብታው ብረቱን ሲመታው ጆሮዋ እስኪደነቁር እንደሚጮህ፣ ግን ጩኸቱ ሲያቆም የበለጠ እንደምትፈራ፤ ዝናቡ ሲያቆም ወንዶቹ ከተጠለሉበት ይወጣሉና። ገበያው ዝም አለ። ቴቺማን ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ከየት እንደመጣች ያው ጠየቃት። እሷም «ትንሽ ሆኜ ለአክስቴ ተሰጠሁ» አለች። እኛ ሰሜኖቹ ዘንድ የአባት እህት ከወንድሟ ልጆች አንዷን ወስዳ ማሳደግ መብቷ ነው፣ እምቢ አይባልም። አክስትየዋ ይዛት ከመንደር መንደር ከሰል እየሸጠች ዞረች። «እናቴ የታለች?» ስትላት «ሞታለች» አለቻት። ዱላው ሲበዛባት ከሰል የጫነ መኪና ላይ ወጥታ መጣች። ያው «ስምሽን ለአድማጭ ንገሪ» አላት። እሷም «ላሚሲ» አለች።

ላሚሲ ከማለቷ ነው ሴትየዋ ከቦዬ መኪናዎቹ መሃል የተፈተለከችው። ነጠላ ጫማዋ አንዱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሰናቱ ትባላለች፣ ከሰሜን፣ ከየንዲ ማዶ ካለ መንደር ቦዬ ይዛ የመጣች። ቀርባ ልጅቷን እንኳ በደንብ ሳታይ ነው አንገቷ ላይ የተጠመጠመችው።

እና ችግሩ ይሄውላችሁ። ላሚሲ ማለት ሐሙስ የተወለደች ማለት ነው። ማክሰኞ ከሆነች ታላታ፣ ቅዳሜ ከሆነች አሲቢ። ይሄ እዚያ ሰሜን፣ አገር ቤት ነው። ገበያ ላይ ግን ሌላ ነው። አዲስ የመጣች ልጅ ስሟን አትናገርም፤ ወይ እንዳይፈልጓት ትፈራለች፣ ወይ ታፍራለች። ታዲያ መጠራት የለባትም? «አንቺ» ስትል ገበያው በሙሉ ይዞራል። ስለዚህ ከመኪና በወረደችበት ቀን እንጠራታለን። ሐሙስ ደግሞ ዋናው የገበያ ቀን ነው፣ መኪናው ሁሉ የሚገባው ያኔ ነው። ገበያው ላሚሲ በላሚሲ ነው የሆነው። ወፍራሟ ላሚሲ፣ ሳቂታዋ ላሚሲ፣ ጥርሷ የወለቀው ላሚሲ። ይቺ ደግሞ ቀጭኗ ላሚሲ። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ከሰል መስላ ስትወርድ አይቻት «ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ላሚሲ ነሽ፣ ጨረስን» አልኳት። ሳቀች።

እውነተኛ ስሟን በኋላ ነግራኛለች፣ ለእኔ ብቻ። ውንፒኒ። «ግን እንዳትጠራኝ» አለች፣ «አክስቴ በሱ ስትጠራኝ ዱላ ይከተለው ነበር።» በየትኛው ቀን እንደተወለደች ስጠይቃት «ማን ነግሮኝ?» አለች።

ገባችሁ? ይቺ ሴትዮ የሮጠችው እኔ በቀልድ ባወጣሁት ስም ነው!

ወደ በረንዳው ልመልሳችሁ። ሰናቱ እንደምንም ለቀቅ አደረገቻትና ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ጉንጭሽን አሳዪኝ። በስተቀኝ ምልክት ነበረሽ፣ ሲያምሽ ጊዜ አያትሽ የበጣችሽ» አለች።

ቀኝ ጉንጯ ላይ ምንም የለም። እኔ አየሁ፣ ሰዉም አየ። ሴትየዋ የልጅቷን ፊት ወደ ሌላው ጎን አዞረች። በስተግራ አለ፣ ትንሽዬ።

«ግራ! ግራ ነው ማለቴ! ፊት ለፊት ቆማ ስለማያት ነው፣ ለእኔ ቀኝ ለእሷ ግራ ነው!» አለች።

ሰዉ «እውነቷን ነው፣ እውነቷን ነው» አለ። አሰብኩት። ፊት ለፊት ከቆመች ለእሷ በቀኝ የሚታያት የልጅቷ ግራ ነው፣ ልክ ነው። ግን ደግሞ መጀመሪያ የፈለገችው የልጅቷን ቀኝ ነበር። ወይስ አልነበረም? እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ ዞርኩ፣ እንደገና ዞርኩ። አንዷ ቲማቲም ሻጭ «ይሄ ልጅ ምን ነካው፣ ጥርሱን አመመው እንዴ?» አለች። ደግሞም እንዲህ ያለ ብጣት የሌለው የሰሜን ሰው ማን አለ? እኔም አለኝ።

«ውሻችንንስ ታስታውሺዋለሽ?» አለቻት ሰናቱ።

ላሚሲ ወደ እኔ አየች። ከዚያ «ጥቁሩን?» አለች።

«ቀይ ነበር» አለች ሴትየዋ። ፊቷ ጥቁር አለ፣ ወዲያው ደግሞ በራ። «ጆሮው ግን ጥቁር ነበር! ጆሮውን ነው የምታስታውሰው! ሕፃን ነበረች እኮ፣ ቁመቷ ጆሮው ጋ ነበር የሚደርሰው!»

እልልታው ቀለጠ።

አልቻልኩም። «ልጅቷ ውሃ ትጠጣ» ብዬ ላሚሲን እጇን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባኋት፣ ማጉያውና ሽቦው ወዳለበት ጠባብ ክፍል። በሩን ገርበብ አደረግሁት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ውሃ ልትሰጠኝ ነው የጠራኸኝ አይደል? ስጠኛ።»

«ውንፒኒ።»

«በሱ እንዳትጠራኝ አላልኩህም?»

«ስምሽ እኮ ነው!»

«ማን አለ? አክስቴ ናት ያለችው። እናትሽ ሞታለች ያለችኝም እሷው ናት። ያንን የዋሸች ስሜን አትዋሽም? ምናልባት ላሚሲ ነበርኩ። ምናልባት ሳታውቀው ስሜን መለስክልኝ።»

 ሊሆንም ይችላል እኮ! ልጅ ለአክስት መስጠት አለ፣ ስም መቀየር አለ፣ አክስትም ትዋሻለች። ግን ደግሞ ለአክስት ያልተሰጠች ልጅ ገበያው ውስጥ የታለች? ወፍራሟም ለአክስት ተሰጥታ ነው የመጣችው፣ ሳቂታዋም።

«ውሻውስ?» አልኳት።

«ውሻ የሌለው ቤት አለ?»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ። ታስታውሺዋለሽ?»

ውሃውን ተቀብላኝ አልጠጣችውም። «አላውቅም ኢሱፉ። ጥቁር ስል በዓይኔ መጣ። ከዚያ ቀይ ስትል ቀዩም መጣ።»

«እናትሽ ናት ብለሽ ታምኛለሽ?»

«ስታቅፈኝ ሽታዋን አውቀዋለሁ አልኩ።»

«የሺያ ቅቤ ነው፣ የሰሜን ሰው ሁሉ ይቀባዋል! እኔም እኮ እሱን ነው የምቀባው!»

«አንተ ግን አቅፈኸኝ አታውቅም» አለች። «ማንም አቅፎኝ አያውቅም። ስለዚህ ወይ አውቀዋለሁ፣ ወይ ሳላውቀው የምፈልገው ሽታ ነው። እንዴት ነው የሚለየው? አንተ እንዴት ነው እናትህን የምታውቃት?»

«እናቴማ... እናቴ ናታ!»

«አየህ» አለች።

ከውጭ የመኪና ክላክስ ጮኸ። የሰናቱ ሾፌር ነው፣ ቦዬው ወርዷል፣ ወደ ሰሜን ሊመለስ ነው። ላሚሲ ሳፋዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳች። እንግዲህ እናቱ ጋ የሚሄድ ሰው ሳፋ ይዞ ይሄዳል? እሷም ግራ የገባት ይመስለኛል።

«ከተናገርክ» አለችኝ «እሷ ትሄዳለች፣ እኔ እዚህ እቀራለሁ፣ ዝናብም ይመጣል። ካልተናገርክ ሁለታችንም ቤት አለን። አንተ ምን ታጣለህ?»

ስወጣ ያው በሩ ላይ ቆሟል። መነጽሩ በእንባ ጉም ለብሷል።

«ወንድሜ! ወንድሜ! የመጀመሪያው ነው ይሄ! በፕሮግራማችን እናትና ልጅ ተገናኙ! ማይኩን ክፈት፣ አሁኑኑ እንናገር። ‹የየንዲዋ ሰናቱ ልጇን ላሚሲን አገኘች› በል። ከዚህ በኋላ እነዚህን ልጆች ሌባ የሚላቸው አይኖርም፣ ሁሉም የሰው ልጅ ናቸው ይላል።»

«ያው፣ ስማኝ። ስሟ ላሚሲ ባይሆንስ?»

«እንዴት ነው የማይሆነው? ላሚሲ ነኝ አለች፣ ሰማናት።»

«የሰጠኋት እኔ ነኝ እኮ። ሐሙስ ስለወረደች።»

ያው መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ሲያዩት ልጅ ይመስላል። «ሴትየዋ ታውቃለች?» አለኝ።

«ከየት ታውቃለች? መንደር ውስጥ እኮ ላሚሲ ያለው ሐሙስ የተወለደ ነው።»

«ግን ሌላውስ ታሪክ? አክስቷ? ምልክቱ?»

«ምልክቱ ግራ ነው ወይስ ቀኝ? አንተ አይተሃል፣ ንገረኝ።»

«ለእሷ ግራ፣ ለእኛ... ቆይ...» እሱም እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ መዞር ጀመረ። እዚያው ተወው።

«እሺ በላ» አልኩት። «አንተ ያው ነህ። ያው የሚባል ሰው ስንት ታውቃለህ? አንዱ ያው ጠፍቶ እናቱ ብትፈልገው አንተን ወስዳ ብትሄድ ያው ነው ይባላል?»

«የኔ እናት ጠዋት ጠዋት ስራ ፈት እያለች የምትሰድበኝ ሴትዮ ናት» አለ። «እንደዚህ አልቅሳ የምታቅፈኝ ብትመጣ ‹ያው ነኝ› ብዬ ነበር የምሄደው።» ሊቀልድ ፈልጎ ነው፣ ግን ማንኛችንም አልሳቅንም። ከዚያ «ማይኩ ያንተ ነው» አለኝና መነጽሩን መልሶ አደረገ። «እኔ አላውቅም። ምነው ባልነገርከኝ።»

ቆይ ግን፣ አላለቀም። የሚብሰው ገና ነው።

ሰናቱ ራሷ መጣች። ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ፣ አንድ እግሯ ባዶውን፣ ቀጥ ብላ ወደ እኔ። ላሚሲ ከኋላዬ በሩ ላይ ናት፣ ሳፋዋን ደረቷ ላይ አቅፋ።

«ልጄ» አለችኝ ሰናቱ፣ «ጡሩምባው የምትባለው አንተ ነህ?»

«አዎ እማ።»

«እዚህ ገበያ ውስጥ የሚወርደውንም የሚወጣውንም እሱ ያውቃል አሉኝ።»

«ሰው ያጋንናል እማ።»

«እኔን መንደር ውስጥ የላሚሲ እናት ነው የሚሉኝ። ሌላ አልወለድኩም። ልጅቷን ለባሌ እህት ሰጠሁ፣ ባሌ ሞተ፣ እህትየዋም አገር ለቀቀች፣ ስሙ ግን አለቀቀኝም። ውሃ ስቀዳ የላሚሲ እናት፣ ለቅሶ ስሄድ የላሚሲ እናት። እሷን ስፈልግ ታማሌን ዞርኩ፣ ኩማሲን ዞርኩ። ላሚሲ ሲባል ዞር ስል አንገቴ ሊቀነጠስ ነው።» እጄን ያዘችኝ። እጇ ቦዬ ስታነሳ የዋለች እጅ ነው፣ አፈር አለው። «ደከመኝ ልጄ። ይቺ እሷ ከሆነች ፍለጋዬን አቆማለሁ። ካልሆነች ግን የኔዋ የሆነ ቦታ ዝናብ እየመታት ነው ማለት ነው፣ እኔ ደግሞ ቤቴ ገብቼ ልተኛ ነው። ሰው ፊት መናገር አፍሬ ነው፣ ምልክቱ...» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ምልክቱ የቱ ጋ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ረሳሁት። እናት ረሳች ይባላል እንዴ? ስሟን ብቻ ነው በደንብ የያዝኩት። እና እውነቱን ንገረኝ፣ ይቺ ልጅ ስሟ ላሚሲ ነው?»

መኪናው እንደገና ጮኸ። ከኋላዬ የላሚሲ ትንፋሽ ይሰማኛል። ያው መሬት መሬት ያያል። ሰዉ ማይኩ ተከፍቶ የምሥራቹን እስክናገር አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል።

አዎ ካልኳት አልዋሸሁም፣ ገበያው በሙሉ ላሚሲ ነው የሚላት፣ እሷም ነኝ ብላለች፣ ምናልባትም እኮ እውነትም ናት። ግን እኔ አዎ ያልኩ ቀን አንዲት ሌላ ላሚሲ፣ በትክክል ሐሙስ የተወለደች፣ ፈላጊ ታጣለች። አይደለም ካልኳት ደግሞ ማንም አቅፏት የማያውቃትን ልጅ የመጀመሪያዋን እቅፍ የቀማኋት እኔ ነኝ፤ ምናልባትም እናቷን ራሷን ነው የምቀማት። ስሙን እኔ እንዳወጣሁት፣ ግን ልጇም ልትሆን እንደምትችል፣ ሁለቱንም ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ። ላሚሲ ከኋላ ሸሚዜን ጨበጠችኝ። መልሼ ዘጋሁት።

ሴትየዋ እጄን አልለቀቀችም፣ አፍ አፌን ታያለች። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ እኔን ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?